የቋንቋ መራጭ ኮሚቴው እና ስም የሌላቸው አራት ወረቀቶች

የሆስፒታሉ የቀጠሮ ፕሮግራም እንደገና የሚጻፍበትን የኮምፒውተር ቋንቋ ለመምረጥ የተቋቋመው ኮሚቴ ስድስተኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ቦታ፦ የኮምፒውተር ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቀድሞ የራጅ ፊልም ይቀመጥበት የነበረው ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡40 (የክፍሉ ቁልፍ እስኪፈለግ። ቁልፉ የተገኘው ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ነው።)

የተገኙ አባላት

1. የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ።
2. ፕሮፌሰሩ፣ ከፍተኛ ፕሮግራመር። ማዕረጉን የሰጧቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለቀልድ የሰጧቸው ቢሆንም እሳቸው ተቀብለውታል።
3. አዲሷ፣ ፕሮግራመር። ከተቀጠረች ስምንት ወር ሆኗታል። ከእሷ በኋላ የተቀጠረ ሰው ስለሌለ አሁንም አዲሷ ናት።
4. እትዬ፣ የካርድ ክፍል ኃላፊ፣ የተጠቃሚዎች ተወካይ። ፕሮግራም አይጽፉም። ፕሮግራሙን ቀኑን ሙሉ የሚጠቀሙበት ግን እሳቸው ናቸው።
5. ጸሐፊው፣ ከፍተኛ ፕሮግራመር። አሁን ያለውን የቀጠሮ ፕሮግራም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈው እሱ ነው። በጸሐፊነት የተመረጠው በመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ብዕር የያዘ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ያልተገኙ አባላት

አንድ አባል በሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው። ሌላው አባል ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኮሚቴው ባለፈው ወር ሲቋቋም ስማቸው ከአሮጌ ዝርዝር ላይ ተገልብጦ የገባ ነው። ሰብሳቢው ደውለው ጠይቀዋቸው፣ ስለታሰቡ አመስግነዋል።

ከሰባቱ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበበ። ፕሮፌሰሩ በሦስተኛው ገጽ ላይ «ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተስማማ» የሚለውን ተቃወሙ። በዚያ ሰዓት ስልክ ሊያናግሩ ኮሪደር ወጥተው እንደነበርና ኮሪደር ላይ ሆነው እንዳልተስማሙ አስረዱ። ሰብሳቢው በምን ጉዳይ ላይ እንዳልተስማሙ ጠየቋቸው። ፕሮፌሰሩ ስላልነበሩ እንደማያውቁ መለሱ።

ከሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት በኋላ «ተስማማ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ኮሪደር ላይ ከነበሩት አባል በስተቀር የተቃወመ የለም» በሚለው እንዲተካ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ከሥራ አስኪያጁ የመጣው ደብዳቤ

ሰብሳቢው ደብዳቤውን አነበቡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። የቀጠሮው ፕሮግራም የሚሠራው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጻፍ፤ የሚጻፍበት ቋንቋ አንድ ብቻ ይሁን፤ ምርጫው ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት በስልክ ይገለጽ። በደብዳቤው ሦስተኛ አንቀጽ፣ በተመረጠው ቋንቋ በሦስት ወር ውስጥ መሥራት የማይችል ባለሙያ ወደ ንብረት ክፍል እንደሚዛወር ተመልክቷል።

ሰብሳቢው ሦስተኛው አንቀጽ ከዛሬው ውይይት ጋር እንደማይያያዝ ገለጹ። በፕሮፌሰሩ ጥያቄ በድጋሚ አነበቡት። በአዲሷ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡት። ማንም ሳይጠይቃቸው ለአራተኛ ጊዜ ለራሳቸው አነበቡት።

ጸሐፊው ንብረት ክፍል መስኮት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለጠቅላላ ዕውቀት ብቻ መሆኑን አስመዘገበ። ፕሮፌሰሩ መስኮት እንደሌለው፣ ነገር ግን በጀርባው የውሃ ማሞቂያው ስላለ በብርድ ወቅት ደህና እንደሆነ አስረዱ። ጸሐፊው ጡረታ ለመውጣት ስንት ብርድ እንደሚቀረው በቃለ ጉባኤው ጠርዝ ላይ አስልቷል። ሰባት ነው።

ሰብሳቢው በሦስት ወር ውስጥ በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ብቁ ሆኖ መሥራት የሚችል እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። አራቱም ባለሙያዎች እጃቸውን አወጡ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ሲጠየቁ እያንዳንዳቸው ድሮውንም የሚያውቁትን ጠቀሱ። እትዬ ሳቁ። ሳቃቸው በቃለ ጉባኤው እንዳይያዝ ሰብሳቢው አሳሰቡ።

አጀንዳ ሦስት፦ የቋንቋ ምርጫ

ባለፉት አምስት ስብሰባዎች እዚህ አጀንዳ ላይ ተደርሶ ስለማያውቅ ሰብሳቢው ለአባላቱ እንኳን ደስ አላችሁ አሉ።

ሰብሳቢው ጃቫ እንዲመረጥ ሐሳብ አቀረቡ። በጃቫ ሁሉም ነገር ስም እንዳለው፣ ሁሉም ነገር ቦታ እንዳለው፣ የተዝረከረከ ሰው እንኳ ሳይወድ በግድ እንደሚሰተር አስረዱ። አዲሷ በጃቫ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ አምስት መስመር እንደሚፈጅ ተናገረች። ሰብሳቢው ሰላምታ ላይ መቸኮል አስተዳደግን ያሳያል ሲሉ መለሱ።

ፕሮፌሰሩ «ሲ» የተባለው ቋንቋ እንዲመረጥ አሳሰቡ። ሌሎቹ ሁሉ የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች መሆናቸውን፣ አባት እያለ ከልጅ ጋር መዋል እንደማይገባ አብራሩ። አዲሷ በ«ሲ» የተጻፈው የደም ባንኩ ፕሮግራም ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀጥ ማለቱን አስታወሰች። ፕሮፌሰሩ የቆመው ፕሮግራሙ ሳይሆን የተጠቃሚው ትዕግሥት ነው ካሉ በኋላ፣ ይህ ቃል በቃል እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተይዟል።

አዲሷ ፓይተን እንዲመረጥ ጠየቀች። እንደ ሰው ንግግር የሚነበብ፣ ግልጽና አጭር መሆኑን ተናገረች። ሰብሳቢው አንድ መስመር ሁለት ፊደል ያህል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ሲል የሚበላሽ ቋንቋ ላይ የሰው ጤና እንደማይጣል ገለጹ። አዲሷ «ጋሼ፣ እርስዎ ጽሑፍ ሲያዛንፉ ቋንቋው ምን ያድርግ» አለች። ሰብሳቢው ውይይቱ ወደ ግል ጉዳይ እየሄደ ነው ብለው አስቆሙ።

ጸሐፊው አሁን ያለው ቋንቋ ማለትም ቪዥዋል ቤዚክ ባለበት እንዲቀጥል ተከራከረ። ይህን ቋንቋ ማንም ሰው፣ ፕሮግራመር ያልሆነ እንኳ፣ ቢያነበው ወዲያው እንደሚገባው አስረዳ። ለዚህም ማስረጃ ሲያቀርብ፣ የጻፈው የቀጠሮ ፕሮግራም ካለፈው ክረምት ጀምሮ ላለፉት ስምንት ወራት አንድም ጊዜ ተበላሸ ተብሎ እንዳልተጠራ ጠቀሰ። በዚህ ጊዜ አዲሷ እና እትዬ ተያዩ። ጸሐፊው አይቷቸዋል፤ የተያዩት በመገረም እንደሆነ ገምቶ ቀጠለ።

እትዬ የአሠራር ጥያቄ እንዳላቸው ገልጸው፣ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያወድሰውን ቋንቋ የት እንደተማረው ጠየቁ። ሰብሳቢው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም አሉ። ቢሆንም በየተራ መለሱ።

ሰብሳቢው ጃቫን የተማሩት ኮሌጅ ሳሉ ነው። ማስታወሻ ታውሳቸው የነበረች አንዲት ተማሪ ነበረች። ዛሬ ባለቤታቸው ናት። የቋንቋ ምርጫቸው ግን ከዚህ ጋር እንደማይገናኝ አጥብቀው አሳሰቡ። ፕሮፌሰሩ «ሲ»ን የተማሩት የመጀመሪያና የመጨረሻ ምዕራፉ ከጎደለ አንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበራቸውም። አዲሷ ፓይተንን የተማረችው ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ በላፕቶፑ ላይ ነው።

ጸሐፊው ቪዥዋል ቤዚክን የተማረው በስድስት ሳምንት ሥልጠና ነው። ለሥልጠናው ተመርጦ የነበረው ሌላ ባልደረባ ሲሆን፣ ባልደረባው ጥርሱን ታሞ ጸሐፊው በእሱ ፋንታ ተልኳል። እትዬ፣ «ያ ሰውዬ ጥርሱን ባይታመም ኖሮ ዛሬ የምትሟገትልን ለሌላ ቋንቋ ነበር ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ጸሐፊው አስቦበት እንደማያውቅ መለሰ። አሁንም ሊያስብበት ጊዜ አልተሰጠውም።

እትዬ፣ «እንግዲህ አራታችሁም መጀመሪያ እጃችሁ የገባውን ነው ከሁሉ ይበልጣል የምትሉን» አሉ።

በዚህ ላይ ሰፊ ውይይት ተካሄደ። ፕሮፌሰሩ በሳይንስ አንድ ነገር ከሌላው ቀድሞ መምጣቱ ብቻ ምክንያት እንደማያደርገው አብራሩ። ሰብሳቢው በዚህ ነጥብ ከፕሮፌሰሩ ጋር መስማማታቸውን ገለጹ፤ ሁለቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከተስማሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በመጨረሻም አራቱም ባለሙያዎች መጀመሪያ የተማሩትን ቋንቋ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ማግኘታቸው አጋጣሚ መሆኑ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት እትዬ ናቸው።

የወረቀት ፈተና

አዲሷ ክርክሩ በቃል ማለቂያ ስለሌለው በፈተና እንዲለይ ሐሳብ አቀረበች። ከክፍሉ የፕሮግራሞች ማኅደር በየቋንቋው አንዳንድ ገጽ ይታተም፤ የጻፈው ሰው ስም ይሸፈን፤ ሁሉም አራቱንም አንብቦ ለግልጽነታቸው ከአሥር ነጥብ ይስጥ አለች። ሰብሳቢው ሐሳቡን ካሻሻሉ በኋላ የራሳቸው አድርገው አቀረቡት። ማሻሻያቸው፣ ለአንድ ገጽ ከፍተኛ ነጥብ የሰጠ ሰው ገጹ ምን እንደሚሠራ ለጉባኤው ያስረዳ የሚል ነው።

ገጾቹን እንዲመርጡ ገለልተኛ የሆኑት እትዬ ተወከሉ። እትዬ ዐይናቸውን ጨፍነው በየቋንቋው የፕሮግራም ዝርዝር ላይ አራት ጊዜ በጣታቸው ጠቆሙ። አዲሷ የተጠቆሙትን አትማ፣ የጻፈውን ሰው ስምና ቀኑን በቢጫ ማስታወሻ ወረቀት ሸፍና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ አደለች። ማተሚያው ቀለም ስለጨረሰ ሐ የደበዘዘ ነበር።

ንባቡ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ውጤቱ የሚከተለው ነው። ሰብሳቢው ለጃቫው ገጽ አሥር፣ ለሌሎቹ ሁለት ሁለት ሰጡ። ፕሮፌሰሩ ለ«ሲ»ው አሥር፣ ለሌሎቹ ዜሮ ሰጥተው፣ ዜሮው በርኅራኄ የተሰጠ መሆኑን ጻፉ። አዲሷ ለፓይተኑ አሥር፣ ለቪዥዋል ቤዚኩ ገጽ ማለትም ለመ ስምንት፣ ለሁለቱ ሦስት ሦስት ሰጠች። ጸሐፊው ለመ አሥር፣ ለሌሎቹ አንድ አንድ ሰጠ። እትዬ ሁሉም እንዳልገባቸው ገልጸው፣ ከመካከላቸው የደበዘዘው ለዐይን እንደማይከብድ ጠቅሰው ለሐ ስድስት ሰጡ።

አዲሷ ከራሷ ቋንቋ ውጪ ላለው ለመ ስምንት መስጠቷ ሰብሳቢውን አስገረማቸው። ምክንያቱን ጠየቋት። «ደስ ስላለኝ ነው» አለች።

ማስረዳት ተጀመረ። ሰብሳቢው ገጻቸውን በአራት ደቂቃ አስረዱ። ፕሮፌሰሩ የ«ሲ» ገጽ ራሱን ስለሚያስረዳ እሳቸው ጣልቃ እንደማይገቡ ገለጹ። አዲሷ የራሷን በሁለት ደቂቃ ጨረሰች። ተራው የጸሐፊው ሆነ።

ጸሐፊው በቅድሚያ፣ ገጽ መ ገና ሲያየው ዐይኑ እንዳረፈበት፣ ይህም የቋንቋውን ግልጽነት እንደሚያሳይ ተናገረ። ከዚያም ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። መነጽሩን ቀይሮ ከታች እስከ ላይ አነበበ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ሰብሳቢው ጊዜ ጨመሩለት። ጸሐፊው ገጹ «አንድ ነገር ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ እንደሚያስቀምጥ» አስረዳ። የሚነሳው ምን እንደሆነ ተጠየቀ። እየመጣ ነው ብሎ መለሰ። አልመጣም።

ፕሮፌሰሩ፣ «አንተ፣ ማንም ሰው ቢያነበው ይገባዋል አላልክም እንዴ» አሉ።

ጸሐፊው ችግሩ የቋንቋው ሳይሆን ገጹን የጻፈው ሰው መሆኑን አስረዳ። በገጹ ውስጥ ለየነገሩ የወጡት ስሞች ሁሉ ሀ አንድ፣ ሀ ሁለት፣ ሀ ሦስት እየተባሉ መቀጠላቸውን፣ የትም ቦታ አንድ መስመር ማብራሪያ አለመጻፉን በጣቱ አሳየ። አንዴ ለሙከራ ሥራ መጥቶ የሄደ ሰው እጅ ሳይሆን እንደማይቀር ገመተ። የሚከተለውም ቃል በቃል እንዲያዝ ራሱ ጠየቀ፦ «ይህን የጻፈ ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። እኔ ብሆን ፕሮግራም አላስነካውም ነበር።»

ሰብሳቢው ቢጫውን ወረቀት ላጡት። ገጹ ኋላ የተጨመረ ሲሆን የተጻፈው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የጻፈው ጸሐፊው ነው።

ጸሐፊው ቃል በቃል የተያዘው ንግግሩ እንዲሰረዝ ጠየቀ። ሰብሳቢው ቃል በቃል የተያዘ እንደማይሰረዝ ገለጹ። ፕሮፌሰሩ ደገፏቸው፤ የዛሬው ሁለተኛው ስምምነታቸው ነው።

ከዚያ እትዬ አዲሷን፣ «ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ» አሏት። አዲሷ፣ «ይተዉት እትዬ፣ ባክዎ» አለች። እትዬ ግን አልተዉትም። ንግግራቸው እንዲህ ነው፦

«ወንድሜ፣ ቅር አይበልህ። ይሄ ገጽ ሐኪም ፈቃድ ሲወጣ የበሽተኞቹን ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን የሚያዛውረው ነው። የአንዱን ቀጠሮ በሌላው ላይ እየደረበብኝ ስንት ሰው ነው መስኮቴ ላይ የተጣላው። ለእሷ እደውላለሁ፤ ትመጣለች፤ ታስተካክልልኛለች። ለጋሼ አይንገሩብኝ ትለኛለች፣ አንተን ማለቷ ነው። አንተ ደግሞ በኮሪደር ስታልፍ፣ ‹ፕሮግራሜ እንዴት ነው፣ ደህና ነው?› ትለኛለህ። ደህና ነው እልሃለሁ። ምን ልበልህ ታዲያ።»

ጸሐፊው ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ በሳምንት አንዴ ያህል ነው አሉ። አዲሷ በሳምንት አንዴ እንደማይሞላ ተናገረች። እትዬ፣ «አንቺ ደግሞ» አሏት።

ሰብሳቢው አዲሷ ቪዥዋል ቤዚክ የት እንደተማረች ጠየቁ። የትም አለመማሯን፣ እዚያው ገጾቹ ውስጥ ስትመላለስ እንደለመደችው መለሰች። ለጸሐፊው ደግሞ እንዲህ አለችው፦ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መጀመሪያ ሳየው አስጠልቶኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ረግሜዎታለሁ። አሁን ግን ሀ ሦስት ላይ ስደርስ የሰፈሬ መታጠፊያ ላይ የደረስኩ ይመስለኛል።»

ሰብሳቢው እንግዲያው ቪዥዋል ቤዚክ ጥሩ ቋንቋ ነው ማለቷ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። እንደዚያ አላልኩም አለች። ምን እንዳለች እንድታብራራ ተጠየቀች። ስምንቱን የሰጠችው ለቋንቋው ይሁን ለስምንቱ ወር እንደማታውቅ መለሰች።

ጸሐፊው ከአጀንዳ ውጪ አጭር ንግግር ለማድረግ ፈቃድ ጠይቆ ተፈቀደለት። የገጹን መልክ እንደሚያውቀው፣ የሚለውን ግን እንዳልሰማው ተናገረ። ቀለሙን፣ የመስመሮቹን አወራረድ፣ የቱ ቃል የት እንደሚቀመጥ ሲያይ የገባው እንደመሰለው ገለጸ። አምና የፓይተን ትምህርት ጀምሮ በሁለተኛው ቀን እንዳቋረጠ፣ ለባለቤቱ ሥራ በዛብኝ እንዳላት፣ እውነቱ ግን አጠገቡ የተቀመጠ የሃያ ዓመት ልጅ «አባቴ፣ ቅንፉን አልዘጉትም» ስላለው እንደሆነ አመነ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ እንደሆነና እንደገና ምንም የማያውቅ ሰው ከመሆን ንብረት ክፍል መቀመጥን የመረጠባቸው ቀናት እንዳሉ ጨመረ።

ሰብሳቢው ንግግሩ ከአጀንዳ ውጪ መሆኑን አረጋገጡ። ፕሮፌሰሩ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «እኔንም አንዱ እንደዚያ ብሎኛል» አሉ። ይህ እንዳይያዝ ወዲያው ጠየቁ። ጸሐፊው ጥያቄው ሲቀርብ ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ድምፅ አሰጣጥ

ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ስለሆነ ሰብሳቢው ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንዲገባ አዘዙ። ጃቫ አንድ፣ «ሲ» አንድ፣ ፓይተን አንድ ድምፅ አገኙ። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። እትዬ ድምፃቸውን የሰጡት ኤፍ ሰባት የሚባለውን የኪቦርድ ቁልፍ ባለበት ለሚተው ለማንኛውም ቋንቋ ነው። ኤፍ ሰባት ቀጠሮ ማራዘሚያ ነው። «እኔ የት እንዳለ አላውቀውም፤ ጣቴ ነው የሚያውቀው» ሲሉ አስረዱ። አዲሷ የአዲሱ ፕሮግራም ማራዘሚያ በኤፍ ሁለት ቢሆን እንደሚቀል ተናገረች። እትዬ በስብሰባው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። አዲሷ እንዲለምዱት ጊዜ እንደሚሰጣቸው ገለጸች። እትዬ፣ «ስለ እነሱ ስንነጋገር ልክ ነበርኩ፣ ስለ እኔ ሲሆን ግን ሌላ ነው» አሉ። ቀጥለውም ይህን ጮክ ብለው መናገራቸውን ስላላወቁ እንዲሰረዝላቸው ጠየቁ።

ድምፁ እኩል ስለሆነ ሰብሳቢው የሚከተለውን አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ። ፕሮግራሙ በአራት ይከፈል፤ ቀጠሮ መስጠት በጃቫ፣ ማራዘም በ«ሲ»፣ መሰረዝ በፓይተን፣ የቀጠሮውን ወረቀት ማተም በቪዥዋል ቤዚክ ይጻፍ። አራቱ ክፍሎች እርስ በርስ መግባባት እስኪችሉ ድረስ ከአንዱ የወጣው ወረቀት በተላላኪ ወደ ሌላው ይወሰድ።

እትዬ በሽተኛውም በአራት ይከፈላል ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው በሽተኛው ወረቀቱን ራሱ ቢወስድ የተላላኪ ወጪ እንደሚቀንስ ገለጹ። ማንም ወደ ንብረት ክፍል የማይሄድበት ሐሳብ በመሆኑ ከረጅም ውይይት በኋላ ተወሰነ። የተቃወሙት እትዬ ናቸው። አዲሷ ድጋፏን ስትሰጥ ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ የተደረገ ስልክ

ሰብሳቢው ስድስት ሰዓት ላይ ለሥራ አስኪያጁ ደወሉ። የወዲያኛው ድምፅ ስላልተሰማ የተያዘው የሰብሳቢው ቃል ብቻ ነው፦

«አዎ ጌታዬ፣ ወስነናል።»
«አራት።»
«አይ፣ አራት ሰው ሳይሆን አራት ቋንቋ።»
«አዎ፣ አንድ ነው ያሉት።»
«ሪፖርቱማ መልኩ ይለወጣል።»
«አረንጓዴው ርዕስም።»
«ድምሩ ከታች በስተቀኝ መሆኑ ቀርቶ ከላይ ይሆናል።»
«ሁሉም እንደዚያ ነው ጌታዬ፣ የትኛውንም ብንመርጥ።»
«ኮምፒውተሩማ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም።»
«ሲቆም እንነግርዎታለን።»
«እሺ። እሺ ጌታዬ።»

ሰብሳቢው ስልኩን ዘግተው ለጉባኤው አብራሩ። ሥራ አስኪያጁ ከፕሮግራሙ የሚወጣውን የወሩን ሪፖርት ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሲያነቡ የኖሩት በአረንጓዴ ርዕስ ሲሆን፣ ድምሩን ከታች በስተቀኝ ነው የሚፈልጉት። መልኩ ከተለወጠ ምንም ነገር እንደማያገኙበት፣ ስለዚህ አሮጌው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ እስኪቆም ድረስ ይቀጥል ብለዋል። ደብዳቤው ከነሦስተኛ አንቀጹ ተነሥቷል።

ጠቅላላ ውሳኔ

ኮሚቴው ከላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እትዬም እንኳ አልተቃወሙም።

ሀ. አሁን ያለው ፕሮግራም ባለሙያውም፣ ተጠቃሚውም፣ አመራሩም የለመደው ስለሆነ ባለበት ይቀጥላል።

ለ. ፕሮግራሙን በአራት ቋንቋ ስለመክፈል የተሰጠው ውሳኔ ተሰርዟል።

ሐ. የአራቱ ባለሙያዎች ምርጫ አጋጣሚ ነው የተባለው ውሳኔ ተሰርዟል። አጋጣሚ ካልሆነ ምን እንደሆነ በዚህ ስብሰባ አልተወሰነም።

መ. ያለፈው ቃለ ጉባኤ እርማት ተሰርዟል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በአምስተኛው ስብሰባ ላይ ኮሪደር ሆነውም ቢሆን ተስማምተዋል።

ሠ. በዛሬው ስብሰባ ሌላ የተወሰነ ነገር ካለ እሱም ተሰርዟል።

ሰብሳቢው የውሳኔው ተጠቃሚ ጸሐፊው መሆኑን ጠቅሰው እንኳን ደስ አለህ አሉት። እትዬም እጁን ጨበጡት። ፕሮፌሰሩ ጸሐፊው ደስ ያለው እንደማይመስል እንዲመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

አባላቱ ወንበራቸውን ሲያነሡ ጸሐፊው አዲሷን፣ እስካሁን ያስተካከለቻቸውን ገጾች ልታሳየው ትችል እንደሆነ ጠየቃት። እሷም፣ «ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይምጡ፣ ጋሼ። ሰው ሳይገባ» አለች። ጸሐፊው ሌላም ነገር እንዳለ ተናገረ። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። የፓይተኑ ገጽ ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ እንዳልገባው ነገራት። እሱንም ከመጀመሪያው መስመር እንደሚጀምሩት ነገረችው።

ሰብሳቢው ሰምተው ስለነበር ይህም በውሳኔነት ይያዝ ወይ ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው በውሳኔነት ከተያዘ በፊደል ሠ መሠረት እንደሚሰረዝ ጠቅሶ፣ እንዳይያዝ ለመነ።

አልተያዘም። ስብሰባው ከቀኑ በ6፡25 ተዘግቷል።